ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ያለውን የግጦሽ መስክ ተማሪዎቼ እንዴት ያጥኑት?

መምህሩ (ከደብረ ብርሃን አካባቢ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከአጥራችን ጀርባ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ ደግሞ ዋልካው እግር እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ ሰፊ የወል የግጦሽ መስክ አለ። በመስከረም አደይ አበባ ይለብሳል፤ በኅዳር ውርጩ ሲመታው ከሩቅ ለሚያየው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከብት እያገዱ ያደጉበት፣ ዛሬም ቅዳሜና እሑድ የሚያግዱበት ቦታ ነው። እንደዚያም ሆኖ በክፍል ውስጥ ስለ ሥነ ምህዳር ስጠይቃቸው ምሳሌ አድርገው የሚያነሡልኝ በመጽሐፉ ላይ ያዩትን ደን ወይም ሐይቅ ነው እንጂ አንዳቸውም ይህን መስክ ጠቅሰውልኝ አያውቁም። አንድ ቀን «ከአጥሩ ጀርባስ ምን አለ?» ብዬ ስጠይቅ «ባዶ ሜዳ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ባለፈው ዓመት አንድ ሙከራ አድርጌ ነበር። 58 ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ይዤ ወጣሁና በቡድን ከፍዬ «ያያችሁትን ዕፅዋትና እንስሳት መዝግቡ» አልኳቸው። የተመለሰልኝ ወረቀት ሁሉ «ሣር፣ አበባ፣ ላም፣ ወፍ» የሚል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ሳልሰጣቸው ነው ያሰማራኋቸው። ወደ ክፍል ስንመለስ ግን በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጥ፣ ብዙም የማይናገር አንድ ተማሪ ሁለት እፍኝ ማገጥ ነቅሎ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ይኼኛውን ላሟ ሁልጊዜ ብትበላው ምንም አይላት፤ ይኼኛውን ግን ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከበላችው ሆዷን ይነፋታል» አለኝ። ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ አገላብጬ አየኋቸው። የሁለቱም ቅጠል ሦስት ሦስት ነው፤ የአንዱ አበባ ሐምራዊ፣ የሌላው ነጣ ያለ ነው። ከዚያ ያለፈውን ልዩነት እኔ ማየት አልቻልኩም፤ እርሱ ግን ገና ከመሬት ሳይነቅላቸው ለይቷቸው ነበር።

ዘንድሮ በትክክል ልሠራው እፈልጋለሁ። ሁለት ማጉያ መነጽር፣ አንድ የወጥ ቤት ሚዛንና የተማሪዎቹ ደብተር ብቻ ነው ያለኝ። ልጆቹ ምን ዓይነት ጥያቄ ይዘው ቢወጡ ይሻላል? የዕፅዋቱን ስም እንዴት እናረጋግጣለን? ሌላው የሚያሳስበኝ ደግሞ መስኩ የትምህርት ቤቱ አለመሆኑ ነው፤ የብዙ አባወራዎች መተዳደሪያ ስለሆነ ከባለቤቶቹ ጋር ሳንጋጭ መሥራት የምንችልበትን መንገድ ብታመለክቱኝ አመሰግናለሁ።

የሣር ወዳጅ

ውድ መምህር፣ ተማሪዎ ያመጣልዎት ሁለት እፍኝ ማገጥ ፕሮጀክትዎ እርሱ ነው፤ ሌላ ቦታ አይፈልጉት። በሳይንሳዊ ስሙ ትራይፎሊየም ከሚባለው ወገን ወደ 28 የሚጠጉ ዝርያዎች በአገራችን ይበቅላሉ፤ ከእነዚህም በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። በአማርኛ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም «ማገጥ» ብለን ብንጠቀልላቸውም እረኛው በልቡ ይለያቸዋል። አደይ አበባም እንዲሁ ነው፤ አንድ ስም ተሰጥቶት የኖረ ከአንድ በላይ ዝርያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በመስካችን ስንት ዓይነት ማገጥ አለ? በምንስ ይለያያሉ?» ቢሆን፣ ተማሪዎቹ ቤታቸው የያዙትን ዕውቀት ይዘው ወደ ሳይንሱ ይገባሉ። አንዱን ተክል ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅለው አፈሩን በውኃ ያጥቡላቸው፤ በሥሩ ላይ እንደ ጤፍ ቅንጣት ከፍ ያሉ እብጠቶች ያገኛሉ። አንዱን እብጠት በምላጭ ለሁለት ሲከፍሉት ውስጡ ሮዝ መልክ ካለው፣ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። በመጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ብቻ ያየ ልጅ ይህን በእጁ ይዞ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚነበበውን ለማየት ብቻ እንኳ ይህ ሥራ ይገባል እላለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ማነጻጸር ይሁን። በአካባቢያችሁ ለድርቆሽ ተከልሎ የሚቆይ ቦታ ከኖረ፣ ያንን ከዘወትር ግጦሹ ጋር ጎን ለጎን አጥኑት። ብዙ መምህራን በቅርብ ስለሚያገኙት የቤተ ክርስቲያን ቅጽርን እንደ «ያልተጋጠ» ቦታ ይመርጣሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቅጽሩ የዛፍ ጥላ አለው፤ አፈሩም የረገፈ ቅጠል ለዘመናት ሲበሰብስበት የኖረ ነው። ስለዚህ ልዩነት ቢገኝ ከግጦሹ ይሁን ከጥላው መለየት አይቻልም። የድርቆሹ ክልል ግን ከግጦሹ ጋር አንድ አፈርና አንድ ፀሐይ ይጋራል።

ለመለካት አራት አንድ አንድ ሜትር ርዝመት ያላቸው የባሕር ዛፍ እንጨቶች አስረው ካሬ ማዕቀፍ ያብጁ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሲባጎ ቢወጥሩበት 100 ትናንሽ ካሬዎች ይወጡታል፤ አንዱ ካሬ አንድ መቶኛ ስለሆነ ማገጡ፣ ሰርዶው ወይም ባዶው መሬት ምን ያህሉን እንደያዘ በመቁጠር ብቻ ይታወቃል። ማዕቀፉን ግን እየወረወሩ አይጣሉት፤ እጅ ሳያስበው አበባ ወዳለበት ያዘነብላል። ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ስንት እርምጃ ወደፊት፣ ስንት እርምጃ ወደ ጎን እንደሚኬድ ቁጥር የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ጠቅልለው ዕጣ ያውጡ። ስንት ጊዜ እንደሚደገም ለሚለው ደግሞ፣ አዲስ ዓይነት ተክል መገኘቱ እስኪሳሳ ድረስ ይቀጥሉ፤ ተማሪዎቹ ይህንኑ በግራፍ ቢያሳዩት መስመሩ ቀስ በቀስ ሲተኛ ያዩታል።

ስምን በሚመለከት፣ የሣር ዓይነት ያለ አበባው ለባለሙያም አስቸጋሪ ስለሆነ ሥራው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢከናወን ጥሩ ነው። ለጀማሪ አንድ ቀላል ዘዴ ልጥቀስ፤ ተማሪው ግንዱን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ያሽከርክረው። ክብ ሆኖ ከተሽከረከረና አንጓ ካለው ሣር ነው፤ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጣትን እየቆረቆረ ከዞረ የቀጤማ ወገን ነው። በበዓል ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቀጤማም ሆነ ልጃገረዶች በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚነቅሉት እንግጫ፣ «ሣር» ብለን ብንጠራቸውም ከሣር ቤተሰብ የተለዩ ናቸው። ናሙናውን ከነሥሩና ከነአበባው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ዘርግተው በሁለት ጣውላ ይጫኑት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየዕለቱ ይቀይሩ፤ የአበባው ቀለም ስለሚጠፋ በነቀሉበት ሰዓት ይጻፉት። ከዚያ ወዲያ የሚያስቸግርዎትን ናሙና በቅርብዎ ወዳለው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል፣ ካልሆነም አራት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሐርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማኖሪያ) ማሳየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በስምንት ቅጾች ወጥቷል፤ ሣሮች የሚገኙት በ7ኛው ቅጽ ነው።

ሳልረሳው፣ ሰፌድና ሞሰብ የሚሰፉ እናቶችን ያስጠይቁ። አክርማና ስንደዶ ድሮ ከየት ይነቀል እንደነበር፣ አሁንስ ምን ያህል መንገድ እንደሚያስኬዳቸው በትክክል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አክርማ ጠንካራ ስለሆነ ከብቱ እየተወው ያልፋል፤ ግጦሹ በበረታበት ቦታ እየበዛ መሄዱም ለንጽጽራችሁ ጥሩ ምልክት ይሆናችኋል።

መምህርት ከሱሉልታ

ከላይ የተሰጠው ምክር በሙሉ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ስለ እንስሳቱ ልጨምር። የማስተምረው ሱሉልታ ሜዳ ጥግ ላይ ስለሆነ መስካችን ከእናንተው ጋር ይመሳሰላል።

ያለ ምንም መሣሪያ ከሠራናቸው ሁሉ የተሳካልን የሳቢሳው ጥናት ነው። ሳቢሳ ከብት እየተከተለች የምትሄደው ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሡትን አንበጣዎችና ሌሎች ነፍሳት ለመልቀም መሆኑን ልጆቹ ያውቃሉ፤ ነገር ግን «በእርግጥ ትጠቀማለች ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሰዓት ይዞ ሌላው እየቆጠረ፣ ከላም አጠገብ ያለች አንዲት ሳቢሳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ለቅማ እንደዋጠችና ስንት እርምጃ እንደሄደች ይመዘግባሉ። ከዚያም ብቻዋን ባለች ሳቢሳ ላይ ያንኑ ይደግማሉ። አንዲት ተማሪዬ በመሀል ላሟ ስትተኛ ሳቢሳዋ ትታት ወደ ሌላ ተነሥታ ወደምትሄድ ላም መዛወሯን አስተውላ ጻፈች። እኔ በዕቅዴ ውስጥ ያላካተትኩት ነገር ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት የክፍሉ ሁሉ ጥያቄ ሆነ።

ከዚህ ሌላ ጉሮሮዋ ደማቅ ቢጫ የሆነ፣ ከጉሮሮዋ ሥር ጥቁር መቀነት የመሰለ ምልክት ያላት የሜዳ ወፍ በእናንተም መስክ ላይ እንደምትኖር እገምታለሁ። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ ደጋማ መስኮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አትገኝም። ተማሪዎቼ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩዋት የኖሩ ናቸው፤ ይህን ስነግራቸው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ጭራቸውን ከላይ ወደ ታች የሚወዘውዙ ቢጫ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር ይታያሉ። መቼ እንደመጡና መቼ እንደሄዱ በየዓመቱ በአንድ ደብተር ላይ ቢመዘገብ ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋ ያለው ሰነድ ይሆናል።

አንድ የሠራሁትን ስህተት እናንተ እንዳትደግሙት ልናገር። መሬት ለመሬት የሚሄዱትን ጢንዚዛዎችና ሸረሪቶች ለማየት የፕላስቲክ ኩባያዎች አፋቸው ከመሬት እኩል እስኪሆን ቀብረን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትተናቸው ሄድን። ቅዳሜ ሌሊት ዘነበ። ሰኞ ስንመለስ በኩባያዎቹ ውስጥ ካገኘናቸው ይልቅ ያሳዘነን የሞቱት ትናንሽ እንቁራሪቶች ብዛት ነው። በደጋማ ሣራማ ቦታዎቻችን ከሚኖሩት እንቁራሪቶች መካከል በዚህች አገር ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች አሉ፤ ልጆቹም ይህን ከእኔ ስለተማሩ ጥያቄያቸው ለእኔ ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩባያው የሚቀበረው ጠዋት፣ የሚነቀለው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሥሩ በምስማር ይበሳል፤ የወደቀ ሁሉ የሚወጣበት አንድ እንጨት በውስጡ ይቆማል።

የክረምቱንም ነገር አስቡበት። ሐምሌና ነሐሴ መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎች እንቁላላቸውንና ጫጩቶቻቸውን ሣር ውስጥ የሚደብቁበት ጊዜ ነው። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ የሆነችው፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽዬ የጨፌ ወፍ ከምትራባባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ የሚገኘው የበርጋ ጨፌ ነው፤ እዚያም ጫጩቶቿ የሚተርፉት ጨፌው በዚያ ወቅት በከብትና በሰው እግር ሳይረገጥ ሲቀር ነው። ስለዚህ በክረምት ተሰልፎ በመስኩ መሀል መሄድ አይገባም፤ ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል። 58 ተማሪ በአንድ ጊዜ ማውጣትም ከእንግዲህ ይቅርብዎት፤ ሁለት ቡድን መስክ ላይ ሲሆን ሌሎቹ ክፍል ውስጥ ናሙና ይለዩ።

የመንዝ ልጅ

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ በጥያቄዎ የመጨረሻ ክፍል ላይ የደረሰብኝን ልንገርዎት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወል ግጦሽ ላይ የሣር ጥናት ለማድረግ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ ነበር። ከወረዳ ደብዳቤ ይዘናል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ያውቃል፤ ስለዚህ የቀረን ነገር ያለ አልመሰለንም። 100 ሜትር ገመድ ዘርግተን ጫፉን በችካል ስንቸክል አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ለብሰው ቀስ ብለው መጡና አንዳች ሳይናገሩ ችካሉ ላይ ተቀመጡ። ብንለምናቸው አልተነሡም። በመጨረሻ «ልጆቼ፣ ገመድ የመጣ ዕለት መሬት እንደሚሄድ እኔ አይቻለሁ» አሉን። ያን ዕለት ሥራችንን አጥፈን ተመለስን። እውነታቸውን ነበር። በአገራችን ገመድ ማለት ቃላድ ነው፤ መሬት በቃላድ እየተለካ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው የተሰጠበትን ዘመን አባቶቻቸው ነግረዋቸዋል፤ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ደግሞ ራሳቸው ሜዳው ላይ ቆመው አይተዋል። እኛ ሣር ልንቆጥር መምጣታችንን ማን ነገራቸውና ነው?

ስለዚህ መምህር፣ ረጅም ገመድ አይዘርጉ፤ የተባለው ካሬ ማዕቀፍ ይበቃዎታል፤ ርቀቱንም በእርምጃ ይለኩ። ከሁሉ አስቀድመው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም የዕድሩ ስብሰባ በሚደረግበት ዕለት ተማሪዎቹን ይዘው ሄደው ልጆቹ ራሳቸው በአንደበታቸው ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ያስረዱ፤ ማዕቀፉንም ያሳዩ። የየትኛው አባወራ ከብት የት እንደሚግጥ በምንም ወረቀት ላይ አይጻፍ፤ የመስኩን ወሰን የሚያሳይ ካርታም አይሣል። ይህ ለሳይንሱ አያስፈልግም፤ በሌላ እጅ ቢገባ ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ሽማግሌዎቹን እንደ ፈቃድ ሰጪ ብቻ አድርገው እንዳያዩአቸውም አደራ እላለሁ። በእኛ በመንዝ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ መስክ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት የሆነው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት የሚባል የአጠባበቅ ደንብ ስለነበረው ነው። መስኩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሲበረታ፣ በመሪዎቹ ውሳኔ ይከፈታል፤ ከቀኑ በፊት የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ነዋሪው ከዚያ በኋላ በሌላ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። በእናንተም መስክ ላይ፣ እንዲህ የጠነከረ ባይሆንም፣ «እስከ እገሌ በዓል ከብት አይግባ» የሚል ልማድ ኖሮ ይሆናል። ማን ይወስን ነበር? መቼ ተቋረጠ? ይህን የሚጠይቅ አንድ ቡድን ቢመድቡ ከዕፅዋቱ ቆጠራ የማያንስ ነገር ይገኛል።

መምህሩ (ከደብረ ብርሃን አካባቢ)

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ስጽፍ ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማዕቀፉን ይዘን ዕድሩ ዘንድ ሄደን ነበር። ያስረዳችው የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነች ተማሪዬ ናት፤ ሲባጎውን የወጠረችውም እርሷ ናት። አንድ አባት ማዕቀፉን ተቀብለው ሣሩ ላይ አኖሩና ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት በውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ በስም ጠሩ፤ ከተማሪዎቼ ግማሾቹ የማያውቋቸው ስሞች ነበሩ፤ ሁሉንም መዝግበናል። በድርቆሹ ክልል ማገጡ ቀጥ ብሎ አድጎ እስከ ጉልበት ሲደርስ፣ በግጦሹ ላይ ያለው ግን መሬት ለመሬት ተጣብቆ እዚያው እንዳለ ማበቡን አይተናል፤ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ የተለያዩ በሚለው ላይ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ እየተከራከረ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የዚያን ተማሪ የጤዛ አባባል በምን እንፈትሸው? በሌላ በኩል እኚያው አባት «ድሮ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውኃው እዚህ ለሳምንታት ይቆይ፣ መሬቱም ይጠጣው ነበር፤ አሁን ከብቱ ስለበዛበት ወዲያው ፈስሶ ወደ ቦዩ ይሄዳል» ብለውናል። ይህን ተማሪዎች ሊለኩት ይችላሉ?

የሣር ወዳጅ

እንኳን ደስ ያላችሁ! የክርክሩን ነገር፣ ከሁለቱም ቦታ ጥቂት ተክል ከነአፈሩ ነቅላችሁ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጎን ለጎን ትከሉት። ሳይጋጥ ሲቀር አንድ ዓይነት ሆኖ ካደገ ልዩነቱ ከግጦሹ ነበር፤ እንደተለያየ ከቀጠለ ዓይነቱ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

የጤዛውን ነገር በከብት ላይ ፈጽሞ አይሞክሩት፤ የሰው ሀብት ነው፤ ላሚቱም ልትሞት ትችላለች። ማገጥን የመሰሉ ለምለም ተክሎች በብዛት ሲበሉ በከብቱ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ በአረፋ ተይዞ በግሳት መውጣት ያቅተዋል፤ ሆዱ የሚነፋው በዚህ ነው። ስለዚህ የልጁ አባባል መሠረት አለው። ከዚህ ይልቅ 20 ያህል እረኞችን ለየብቻቸው፣ ናሙናዎቹን እያሳዩ፣ «የትኛው ይነፋል? በየትኛው ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የሌላውን መልስ ሳይሰማ ተመሳሳይ ተክል ከመረጡ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል።

የውኃውን ግን በደንብ ይለኩታል። ሁለት ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች ፈልጉና ሥራቸውን ቆርጣችሁ አውጡ። ቆርቆሮውን ጣውላ ደርባችሁ በመዶሻ እየመታችሁ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት አስገቡት፤ ግማሽ ሊትር ውኃ ጨምራችሁ እስኪሰርግ ድረስ የሚወስደውን ጊዜ በስልክ ሰዓት ያዙ። በድርቆሹ ክልልና በግጦሹ ላይ፣ በከብቱ መሄጃ ላይም ጭምር፣ በዕጣ በወጡ ቦታዎች በአንድ ቀን ሥሩት። ቀኑ አንድ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ውኃውን በስንጥቁ ወዲያው ይውጠዋል፣ ርሶ ሲያብጥ ደግሞ ራሱን ይዘጋል፤ የጥቅምቱን ከጥሩ ጋር ብታነጻጽሩ የምታገኙት የወቅቱን ልዩነት እንጂ የግጦሹን አይደለም። ከመለካታችሁ በፊት ከየቦታው አንድ እፍኝ አፈር በወጥ ቤት ሚዛናችሁ መዝናችሁ፣ በምጣድ አድርቃችሁ እንደገና መዝኑት፤ በውስጡ የነበረው ውኃ ስለሚታወቅ ንጽጽራችሁ ይጠነክራል። የተቆረጠውን የቆርቆሮ ዳር በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ስለታም ስለሆነ የልጆቹን እጅ ይቆርጣል።